ልጄ ያልጻፈችው ግጥም

ልጄ ሃይስኩል ልትጨርስ ስትል የእንግሊዝኛ መምህሯ ግጥም ታስተምራቸው ነበር። ጠዋት አሜሪካ ከምንኖርባት ከቤድፎርድ ከተማ ስንወጣ እኔ እነዳለሁ፣ እሷ የጥናት ካርዶቿን ታነብልኛለች። አንዱ ካርድ ላይ የአሜሪካ ገጣሚ፣ ሌላው ላይ የግጥም ዘዴ አለ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ግን ግጥም በሬዲዮ እየሰማሁ ስላደግኩ በዚህ በኩል አንገቴን አልደፋም።

«ሐሳቡ ሳያልቅ መስመሩን ቆርጠሽ ወደ ታች ስታወርጂውስ፣ ምን ይባላል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ስንፍና።»

ሳቀች። «አይ እማ፣ አውቀው ነው እኮ። ማለቴ፣ አንባቢው እዚያ ጋ ትንሽ እንዲጠብቅ።»

ብዙዎቹ ገጣሚዎቻቸው ቤት መምታቱንም ሆን ብለው እንደተዉት ነገረችኝ። «ታዲያ ግጥም መሆኑን በምን አወቁ?» አልኳት። ይህንንም አስረዳችኝ፤ በትዕግሥት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም።

ኋላ ራሷ አንድ ግጥም ጻፈች፤ ስለ እኔ። መምህሯ ወደደችላት፣ እሷም አሳየችኝ። እኔ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ነው የምገፋው። ግጥሙ «እናቴ የማታውቃቸውን ሰዎች ስትገፋ ከየት እንደመጡ ትጠይቃቸዋለች፣ እስከ በሩ ድረስ ታዳምጣቸዋለች» ይላል። ከዚያ እንዲህ ይቀጥላል፦

በልተሻል ወይ ትለኛለች፣ መልሴን
ሳትሰማ ትተኛለች።

«መልሴን» ላይ መስመሩ ተቆርጧል። እዚያ ጋ ጠበቅኩ፤ ገባኝ። ገብቶኝ ነበር።

ምርቃቷን ሳክሲ የምትባል ከተማ በሚኖሩት አክስቴ ግቢ ደገስን። እኛ ዘንድ በድግስ መሀል አንድ ሰው ተነሥቶ ግጥም ካላነበበ ነገሩ የጎደለ ይመስላል። አንብቢ ብላት እምቢ አለች። «እንግዲያው ወደ አማርኛ መልሼ እኔ ላንብብልሽ» አልኳት።

«ኦኬ፣ ግን አትቀይሪው።»

«ምን ብዬ እቀይረዋለሁ?»

ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። እንግዶቹን አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ የሥራ ጓደኞቼን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን፣ አክስቴን። ከዚያ ብዕሬ ወደለመደው ሄደ። በድግሱ ቀን ማይኩን ይዤ፣ «ልጄ ለእኔ የጻፈችው ነው» ብዬ ይህን አነበብኩ፦

እናቴ አትተኛም እኔ ሳልበላ፣
ለኔ ጋሻ ሆና ለኔ ከለላ።

ሌላም አሥር መስመር ነበረው፤ ሁሉም ቤት የሚመታ። እልልታው ቀለጠ። አክስቴ እያለቀሱ ልጄን አቀፏት። «ተባረኪ የኔ እናት፣ የእናትሽን ልፋት አልረሳሽም» አሏት። እሷም እኔን እያየች «አመሰግናለሁ» አለች። ባልጻፈችው ነገር ምርቃት ተቀበለች፤ ሰው ፊት እኔን ላለማሳፈር።

ወጥ ቤት ሳህን ስትሰበስብ አገኘኋት።

«እማ፣ እኔ እንደዛ አላልኩም።»

«ቤት እንዲመታ ብዬ ነው።»

«ቤት ስላልመታ አይደለም የቀየርሽው።»

ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዝግ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። እኔም ወጥቼ ከሰው ጋር ተሳሳቅኩ፤ ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል። ልጅ ስለ እናቷ እውነቱን በአሥራ ሁለት መስመር ጽፋ፣ አምናኝ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ደህና እናት መስዬ ልታይበት ለወጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ግጥም አሳይታኝ አታውቅም። አሁን ሪቻርድሰን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ስለ ሁሉ ነገር ታወራኛለች፣ ስለዚያ ብቻ አታወራም።

ባለፈው ወር አክስቴ ደወሉልኝ። «ያንን የልጅሽን ግጥም ላኪልኝ፣ በእናቶች ቀን ቤተ ክርስቲያን ይነበብ» አሉኝ። እሺ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አክስቴ፣ የሷ አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ራስሽን ነው ያወደስሽው?»

«አዎ።»

«እና የሷ ምን ይል ነበር?»

በቃሌ ነግሬያቸው እንዳበቃሁ እንደ ልማዳቸው ሳይመርቁኝ ስልኩን ዘጉ።

ቅዳሜ ለልጄ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ሶ፣ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

«ኦኬ።»

«አሁንም ትጽፊያለሽ?»

«እጽፋለሁ።»

«አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ?»

«ለማሳየት ገና ነኝ፣ እማ» አለች።

እኔም አልጨቀጨቅኳት።