የሞምባሳው ወሊ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አባቴ ጀይላን ሞምባሳን አንድ ቀን አይቷታል፤ አይቷትም አልናፈቀችውም። ሌላው ሰው ስለ ባሕሩ ሲጠይቀው እሱ የሚያወራው ስለ ሩዝ ነበር።

በሐምሌ 1932 ጣሊያን ከሸዋ ሮቢት ግመሎችን ከነነጂዎቻቸው ሰብስቦ ወደ ኬንያ ጠረፍ ሲያዘምት አባቴም ተያዘ። እናቴ ራቢዓ ያኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም በአራስነቷ ቀብራለች። ስትሸኘው «ከወሊ ደጅ ከደረስክ ዱዓ አስደርግልኝ» አለችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።

ጠረፍ ሲደርሱ አባቴ ከቀወቱ ሰው ከጋሼ ዘውዴ ጋር ጠፍቶ ወደ እንግሊዞች ገባ። ለአገሩ ተቆርቁሮ ነው ብዬ ላሳምረው እችል ነበር። እሱ ግን «ግመሌ ሞተች፤ ጣሊያኑ ጭነቱን ይዞ ጀርባዬን ማየት ጀመረ» ነበር የሚለው።

በኅዳር መጨረሻ እንግሊዞቹ አንድ ካሚዮን ሙሉ ሰው ሞምባሳን እንዲያይ ፈቀዱ። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ነው። አስተርጓሚው የሐረር ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ወደ አሮጌው ምሽግ ወሰዳቸው። ግንቡን ሽቅብ ሲያዩት አንገት ያማል፤ መድፎቹ ወደ ባሕሩ እንዳፈጠጡ ዝገዋል። ፖርቱጋሎች ሠርተውት ከተማዋን መቶ ዓመት ያህል እንደገዙ አስተርጓሚው ነገራቸው።

«ከዚያስ?» አለ አባቴ።

«ዓረቦች ከበው አስወጧቸው።»

«መቶ ዓመት! የኔ ሚስት እኮ መውለጃዋ ለጥር ነው» አለና ጋሼ ዘውዴን በእጃቸው ጎትቶ ሄደ።

በይፋት ወሊ የሚባል ቅዱስ ሰው ያላረፈበት ተራራ የለም። ይህን ሁሉ መስጊድ የሠራች ከተማም ወሊ አታጣም ብሎ አሰበ። መንገድ ላይ አንድ ባለቆብ ሽማግሌ አገኘና «ወሊ? ወሊ?» አለው። ሽማግሌው ፈገግ አለ፤ ሆዱን በእጁ አሻሸና ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ጠቆመ።

«አየህ ዘውዴ! ሆዱን ነካ። የነፍሰ ጡር ወሊ ነው!» አለ አባቴ። ደስታው ልክ አልነበረውም።

የተጠቆሙት ቤት ጢስ በጢስ ነው፤ የወደብ ሠራተኛ ሞልቶታል። አባቴ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ገባ። ባለቤቱ አስቀመጧቸውና ትልቅ ሳህን ነጭ ሩዝ አቀረቡላቸው። «ወሊ» አሉ ወደ ሳህኑ እያመለከቱ። በዚያ አገር ቋንቋ ወሊ ማለት የተቀቀለ ሩዝ ነው።

ጋሼ ዘውዴ እስኪያስላቸው ሳቁ። የነቢያት ጾም ላይ ነበሩ፤ ሩዙ ደግሞ ሥጋም ቅቤም አልነካውም። «ጀይላን፣ የናንተ ወሊ እንኳ የጾም ነው!» አሉና እጃቸውን ሰደዱ።

አባቴ ግን ማልቀስ ጀመረ። ካሚዮኑ ሊነሳ ነው፤ ሌላ ወሊ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። ባለቤቱ ደንግጠው በዓረብኛ ምን እንደሆነ ጠየቁት። በቁርአን ቤት ዓረብኛው የቻለውን ያህል መለሰ፦ ሚስት፣ ሆድ፣ ሁለት ልጅ፣ ሞት። ሰውዬው ጭልፋቸውን አስቀመጡ። ለተመጋቢዎቹ አንድ ነገር ተናገሩና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። የወደብ ሠራተኛው ሁሉ ሩዝ የነካ እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ጋሼ ዘውዴም ሳቃቸውን ትተው «አሜን» አሉ።

በግንቦት አባቴ ሮቢት ሲገባ እኔ የአራት ወር ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ማንኛው ወሊ ጋ ደረስክ?» አለችው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ጎረቤታችን ሐጂራ የእናቴን ሳቅ ሰምታ መጣች፤ ሁለቱን ልጆች ከቀበረች ወዲህ ስትስቅ ሰምታት አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ በየጥሩ ከነጋዴ ሩዝ እየገዛ መንገደኛ ያበላ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ አሚን ላላለ ግን አያቀምስም። ሩዙ ወሊ መባሉን ግን ከቤታችን ውጪ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሸምግሎ ታመመና መናገር ካቆመ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ዓይኑን ገለጠ። «ወሊ» አለ። ሊጠይቁት የመጡት ሁሉ ተነሱ፤ አንዱ ቃሬዛ፣ አንዱ መኪና ፍለጋ ሮጠ፤ ከወሊ መቃብር ደጅ ሊያደርሱት ነው። እናቴ ግን ተነስታ ሩዝ ጣደች።