ኮከብ የተቀባለት አባት

ልብስ ተኳሿን ሰፈሩ ፊት ለፊት «የሻምበሉ ልጅ» ይላታል፤ ዞር ስትል «ቆሞ ቀር» ነው። ሃምሳውን አልፋለች። ከላውንደሪ ቤቱ እንፋሎት ወጥታ ቤት ስትገባ የሚጠብቋት እግሯ አልታዘዝ ያላት እናቷና ሳሎን የተሰቀለው የሟች አባቷ ፎቶ ናቸው። ፎቶው ከደረት በላይ ነው፤ በየትከሻው ሦስት ሦስት ኮከብ።

በወጣትነቷ አንድ መካኒክ ወዷት ሊያገባት ጠይቆ ነበር። እናቷ የሻምበል ልጅ ለሃምሳ አለቃ ልጅ አልሰጥም ብላ በሩን ጠረቀመችበት። እሷም፣ ልጆቹ ነፍስ ሳያውቁ ለሞተው አባቷ ክብር ብላ እንባዋን ዋጠች። ከዚያ ወዲህ ያንን በር ያንኳኳ የለም።

ዘንድሮ፣ መለዋወጫ ነጋዴው ታላቅ ወንድሟ የአባታቸውን መቃብር እብነ በረድ ላልብስ ብሎ ተነሳ። ድንጋይ ቀራጩ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ማዕረጉ ጦሩ እንደሚጽፈው በአጭሩ ይሰጠኝ አለ። ወንድሟ ሥራውን ወደ እሷ ገፋው፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ጊዜ ሞልቷታል ብሎ።

ፎቶውን አውርዳ ስትወለውል ከጀርባው አንዲት ትንሽ ፎቶ ወደቀች። ትልቁ ፎቶ ከእሷ ላይ ከደረት በላይ ተቆርጦ የጎላ ነው። አባቷ በሙሉ ቁመቱ ቆሟል፤ ትከሻው ባዶ፣ ክንዱ ላይ አንዲት ሰረዝ። ከኋላ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ም/አ/አ» ብሎ ስሙን አስከትሏል። ፊደሉ ሦስት ስለሆነ ከሻምበል የሚበልጥ መስሏት ደስ አላት።

የሚያነብላት የአባቷ ዘመን ወታደር ፈልጋ በሕይወት ያለ አንድ ብቻ አገኘች፤ የመካኒኩን አባት። ኀፍረቷን ዋጥ አድርጋ ሄደች።

ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፎቶውን አገላብጠው አዩና ሳል እስኪጥላቸው ሳቁ።

«ምክትል አስር አለቃ ማለት ነው» አሏት። «ከተራ ወታደር አንድ እርከን ከፍ ይላል። ሻምበል ቢሆን ሻ/ል ብሎ ይጽፍ ነበር። የመኮንን ማዕረግ ደግሞ ትከሻ ላይ እንጂ ክንድ ላይ አይሰፋም። እኔ ሃ/አ ነበርኩ፤ ከአባትሽ ሁለት እርከን በላይ።»

«ኮከቦቹስ ጋሼ?»

«ፎቶ ቤቱን ጠይቂያ። አባትሽ እጄ ሥር እኮ ነበር፤ ስጠራው ጫማዬን እያየ ነው የሚቆመው።»

ሳትጠይቃቸው የልጃቸው ሚስት መልካም ሴት እንደሆነች፣ ልጆቹም ሁሉ ለቁም ነገር እንደበቁ ነገሯት።

ቤት ስትደርስ ትንሿን ፎቶ እናቷ ብርድ ልብስ ላይ አኖረቻት። እናቷ አልደነገጠችም።

«ማን አነበበልሽ?»

«ሃምሳ አለቃው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው ኖሬ አንቺ በእግርሽ ሄደሽ ጠራሽው?»

ያን ጊዜ ገባት። «እማዬ፣ የከለከልሽኝ ለዚህ ነው?»

«ኮከቡን ያስቀባሁት እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «ሰውየው አባትሽን ያውቀዋል። አንድ ቀን ከእኛ ጋር ራት ቢቀመጥ ማግስቱን ሰፈር ይስቅብን ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን ሆንሽ? ይኸው አለሽ። እኔንስ ማን ይጦረኝ ነበር?»

ልብስ ተኳሿ እንደ ልማዷ አጎረሰቻት፣ አፏን ጠረገችላት፣ ጎኗን ገለበጠችላት። በማግስቱ ቀራጩ ዘንድ ሄዳ ሦስቱን ፊደል ጻፈችለት። ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃው በረንዳ ተመለሰች።

ድንጋዩ በተገለጠ ዕለት ወንድሟ አዲስ ሱፉን ግጥም አድርጎ ዘመድ ወዳጁን ከፊት አሰልፏል። እሷ እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አምጥታ ከድንጋዩ ጥግ አቆመቻት። ጨርቁ ሲነሳ ወንድሟ ፊደሎቹን አየና ፊቱ በራ።

«ከሻምበል በላይ ነው አይደል?» አላት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «የሚያውቅ ሰው ጋብዣለሁ።»

ሃምሳ አለቃው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሰዉን እየሰነጠቁ መጡ። መካኒኩ ሸብቷል፤ በአጠገቧ ሲያልፍ ይቅርታ ብሎ አባቱን አሳለፈ እንጂ አላወቃትም። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

እናቷ ሁለቱን ጎማዎች ይዛ ወንበሩን ወደ ኋላ ለማንቀሳቀስ ታገለች። ልጇ ፍሬኑን ይዛው ነበር።