እትዬ ዘነበችን ያስጮኸው ፊልም

ዱባይ ተራ ቴሌቪዥን እሸጣለሁ። ትልቁ ስክሪን ላይ የሚያስፈራ ፊልም ከከፈትኩ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስለሚቆም፣ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ እሱ ነው። ችግሩ እኔ ራሴ ደም ማየት አልችልም። ከፍቼው ጀርባዬን እሰጠዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ቲቪ ሊገዙ መጡ። እህል በረንዳ ስንዴና ጤፍ ሲሸጡ የኖሩ፣ እናቴ ደንበኛቸው የሆነች ትልቅ ሴት ናቸው። እሳቸው ሲገቡ ስክሪኑ ላይ አንድ እብድ በቢላ ሰው ያርዳል። አፍሬ ሪሞቱን ፍለጋ ተሯሯጥኩ።

«ተወው ልጄ፣ ልየው እንጂ!» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሦስት ሰው ታረደ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ እሳቸው «ደሙ አልደመቀም? እስቲ ቀለሙን ቀነስ አድርገው» ይሉኛል። አራተኛው እየታረደ ዋጋ ጠየቁኝ።

ከዚያ ገዳዩ አንዲት ልጅ እያሳደደ እህል መጋዘን ገባ። በቢላው ሲሰነዝርባት ሳታትና ጆንያውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ስንዴው መሬት ላይ ተዘረገፈ፤ ሁለቱም ረግጠውት ሮጡ።

«ኡኡ! አጥፋው! አጥፋልኝ ይሄን ጉድ!»

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። እኔም ደንግጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

«አይዞዎት እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው!»

ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ፊልም መሆኑ መች ጠፋኝ! የታረዱትማ ተነስተው ቤታቸው ገብተዋል። ስንዴው ግን የምር ነው የተደፋው!»