መምህር ከማሉዲን ያለ ፕላዝማ

መካነ ሰላም ውስጥ ከማሉዲንን በስሙ የሚጠራው ሰው ሚስቱ ሺፋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ሌላው ሁሉ «ሪሞት» ነው የሚለው። ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ከተሰቀለ ወዲህ ሥራው እሱን መክፈትና መዝጋት ሆኖ ቀርቷላ። ደወል ሲደወል ይገባል፣ ሪሞቱን ጠቅ ያደርጋል፣ ግድግዳ ጥግ ይቆማል። ስክሪኑ ውስጥ ያለችው መምህርት እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች። ስትጨርስ «ገባችሁ?» ይላል። «አዎ» ይላሉ። ጠቅ፣ ወጣ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖረ፤ ተመችቶትም ነበር። ከደጎሎ ወዲያ ካለ የገብስ አገር የመጣ ሰው ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነውም ኮሌጅ ሲገባ ስሙ እዚያ ዝርዝር ላይ ተለጥፎ ስላገኘው እንጂ መርጦ አይደለም። በተለይ ክሎዝ የሚሉትን የዓረፍተ ነገር ክፍል ዲፕሎማውን ተቀብሎም አልገባውም። ዓረፍተ ነገር የሚለየው በርዝመቱ ነበር። አጭር ከሆነ ሲምፕል፣ መካከለኛ ከሆነ ኮምፓውንድ፣ ትንፋሽ ካስጨረሰ ኮምፕሌክስ።

በሁለት ሺህ አንድ ጥቅምት ላይ የከተማው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። መብራት የለም፣ ፕላዝማ የለም። በዚያው ሳምንት ከዞን ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተባለ። ርዕሰ መምህሯ ብርሀንነሽ አስጠራችው።

«ከማሉዲን፣ በምዘና ሁለት ጊዜ ዝቅተኛ አግኝተሃል። ሦስተኛ ከደገምክ ወግዲ ቆላው ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ እዚያ ትዛወራለህ።»

«መኪና ይገባል?»

«በበጋ ይገባል ይላሉ። ሲገባ ያየ ግን አላገኘሁም።»

«ጤና ጣቢያስ?»

ብርሀንነሽ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ሳበች። ሺፋ የሰባት ወር እርጉዝ መሆኗን ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ሐሙስ የምታስተምረው ምንድነው?» አለችው።

«ክሎዝ።»

«ጥሩ፣ እሱንማ ታውቀዋለህ።»

«አሳምሬ» አለና ወጣ።

ማታውኑ ሺፋ ፊት ቆሞ ልምምድ ጀመረ። የፕላዝማዋን መምህርት አራት ዓመት ሰምቷታል፤ ቃል በቃል ይዟታል። አንገቱን እንደሷ ሰበር እያደረገ፣ ድምፁን አቅጥኖ ሲያወርደው ቆየና ድንገት ቀጥ አለ። ሺፋ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ምነው ቆምክ?»

«ሰላሳ ሴኮንድ ነው።»

«የምን ሰላሳ ሴኮንድ?»

«እሷ እዚህ ጋ ሰላሳ ሴኮንድ ሰጥታ ዝም ትላለች።»

ሺፋ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ወላሂ እኔና ልጄን ቆላ ልታወርደን ነው። ነገ አባባ ጋ ሂድ።»

አባቷ ሸህ ሀቢቡላህ መስጊዱ በረንዳ ላይ ነህው ያስቀራሉ፤ የዐረብኛ ሰዋስው ማለት ነው።

«አባባ እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?» አለ ከማሉዲን።

«አንተስ ታውቃለህ?»

በነጋታው ሄደ። ሰው ሁሉ በአክብሮት «ሸሆቹ» በሚላቸው በእሳቸው ዘንድ በጅምላ መማር የለም። እያንዳንዱ ደረሳ ኪታቡን ይዞ በተራው ይቀርባል፣ የራሱን ገጽ ብቻ ያነባል፣ ካልገባው ነገም እዚያው ገጽ ላይ ነው። አማች ነኝ ብሎ ተራ የሚቀድም የለም። መምህር ከማሉዲን ከነኮቱ ከደረሶቹ ኋላ ተኮልኩሎ ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው ጉዳዩን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው።

«የፈረንጁን አላውቀውም» አሉ ሸሆቹ። «እስኪ ባማርኛ አንድ በለኝ።»

«ዝናቡ ሲያባራ» አለ።

ሸሆቹ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደገኑና ዝም አሉ። እሱም ዝም አለ። ከኋላ ደረሶቹ መንከትከት ጀመሩ።

«ጨርሻለሁ አባባ።»

«አንተ ጨረስክ፤ እኔ ገና እየጠበቅኩ ነው። ሲያባራ ምን ሆነ? አንተ ወደ ቤትህ ስትሄድ እኔ ጆሮዬን እንደደገንኩ ሊመሽብኝ ነው?»

«ዝናቡ ሲያባራ ዙሀራ ገበያ ወጣች።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉና እጃቸውን አወረዱ። «አሁን አረፍኩ። ‹ዙሀራ ገበያ ወጣች› ብቻ ብትለኝም አርፍ ነበር። ያችኛዋ ግን ዙሀራን ካልተደገፈች መቆም አትችልም።»

«‹ዝናቡ አባራ፣ ዙሀራም ገበያ ወጣች› ብልስ?»

«አንተ ንገረኝ። የቱ ጋ ጠበቅህ?»

ከማሉዲን አሰበ። «የትም አልጠበቅሁ።»

«ሁለቱም በእግራቸው የሚሄዱ ናቸዋ። እጅ ለእጅ ተያያዙ እንጂ አልተዛዘሉም።»

ከዚያ ወዲያ ሸሆቹን መላቀቅ አቃተው። «ስትመጣ» አላቸው፤ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ወጣ። «ዙሀራ ትናንት ጠዋት ከወንድሟ ጋር በትልቁ ገበያ አምስት ዶሮ ሸጠች» አላቸው፤ እጃቸው ከጉልበታቸው አልተነሳም። አጭሯ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ረጅሟ አንድ ራሷን ችላ ቆመች። በርዝመት ሲለካ የኖረው ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

«አብሽር» አሉት ሸሆቹ። «እኔ ራሴ ይችን ለማወቅ ሁለት ዓመት አንድ ገጽ ላይ ተቀምጫለሁ። በል ተነስ፣ ሰው ተራ ይጠብቃል።»

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ አቶ አድማሴ ደብተሩን ይዞ ኋላ ወንበር ላይ ተሰየመ። ከማሉዲን ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ያስነሳ ጀመር። በእንግሊዝኛ አንድ አንድ እንዲሉት ይጠይቃል፣ መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ ይጠብቃል፤ ሲያርፍ ያወርደዋል። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ ግን እጁ መቼ እንደሚወርድ ከሱ ቀድመው ማወቅ ጀመሩ።

ምስክር የሚባል ልጅ ተራው ደርሶ «ቢኮዝ ዘ ሮድ ኢዝ ባድ» እንዳለ መብራት መጣ። ፕላዝማው ቦግ አለ፣ ሴትዮዋም ትምህርቷን ከመሃል ታንበለብለው ጀመር። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ፕላዝማ ሲናገር መምህር ወደ ግድግዳው። አቶ አድማሴ ቀና አለ። የከማሉዲን አንድ እጅ አሁንም ጆሮው ላይ ነው፤ ምስክር መንገዱ ተበላሽቶበት ተገትሯል። ከማሉዲን በሌላው እጁ ሪሞቱን አነሳና ሴትዮዋን ጠቅ አድርጎ አጠፋት።

«ቀጥል ምስክር።»

«ዘ ባስ ኢዝ ሌት።»

እጁ ወረደ። አቶ አድማሴ ደብተሩ ላይ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ።

ከክፍል በኋላ ቢሮ ጠራው። «ፕላዝማ ማጥፋት ክልክል ነው። አምስት ነጥብ ቆርጬብሃለሁ።»

«እሺ።»

«ሰማንያ ሁለት አግኝተሃል።»

«ወግዲስ?»

«ወግዲ ምን ልታደርግ?» አቶ አድማሴ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ቀነሰ። «እኔ በክረምት ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ይችው የሰዋስው ኮርስ ሁለት ጊዜ ጥላኛለች። ይሄን ዘዴ የት ተማርከው?»

«አማቴ ናቸው ያሳዩኝ። መስጊድ።»

ይስቅብኛል ብሎ ጠበቀ። ሰውየው ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ «ስማቸውን ንገረኝ» አለው።

ከማሉዲን ቤቱ እስኪደርስ ሦስት ሰው ሰላም ብሎት አልሰማም። ሺፋ በር ላይ ቆማ ፊቱን ታጠናለች።

«አንሄድም» አላት።

ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «እንግዲያው ነገ ጤና ጣቢያ ሄጄ አዋላጇ ዘንድ ልመዝገብ» አለች። እሱ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገቧ ተጋድሞ ነበር፤ ሳትጨርስ አንኮራፋ።