የእትዬ ዘነበች ምርመራ

ባለፈው ሳምንት ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በታክሲ ስመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ከፍታ ታዳምጥ ነበር። ፊቷን እንደ ግድግዳ የተለሰነች አንዲት ሴት፣ «ያሳክክሻል? ያቃጥልሻል? በዚህ ሳሙና ውስጥሽን ታጠቢ፤ ባልሽ ይመሰክራል» ትላለች። ሐኪም አይደለችም፤ ሳሙና ሻጭ ናት።

ልጅቷ ስገላመጥ አይታኝ፣ «እማማ፣ ረበሽኩዎት?» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽም፣ እሷ ናት» አልኳት። አንዲት የማውቃት ሴት ከሞተች በኋላ ስልክ ውስጥ የገባች መስሎኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች ትባላለች። ቀራንዮ አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ጎረቤታችን ነበረች። ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ አሁን ግን ለእሷ የሚተርፍ አንቱታ የለኝም። የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ የምትመረምረው እሷ ነበረች፣ ያውም በዓይኗና በአፍንጫዋ። ልጅቱ ከወፈረች አርግዛለች፣ ከከሳች አስወርዳለች። መካከለኛ ከሆነች ደግሞ ገና አልተነቃባትም።

እኔ ያኔ ልታገባ የደረሰች ልጅ ነበርኩ። እጮኛዬ ተፈራ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሰርጋችን ለጥቅምት ተቆርጧል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቶንሲል አመመኝና ካፕሱል ሰጡኝ። ውጬ ስጨርስ ጉሮሮዬ ተሻለው፣ ታች ሌላ ጉድ ጀመረኝ። ቁጭ የማያስብል ማሳከክ፤ ሽንቴን ስሸና ሚጥሚጣ የነሰነሱበት ነው የሚመስለው። ለእናቴ መንገር አፈርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሴቶቹ ተሰብስበን የሰርጉን በርበሬ ስንቀነጥስ ዘነበች ስቁነጠነጥ አየችኝ። ጓዳ ወስዳ አፋጠጠችኝ።

«ይሄ የወንድ ነው። ማን ነው?»

«ማንም የለም እትዬ።»

«ዝናብ ሳይዘንብማ ጭቃ የለም።»

መድኃኒቱንም እዚያው አዘዘች፤ ጠዋት በሎሚና በልብስ ሳሙና መታጠብ፣ ከሰዓት ወይባ ጢስ መሞቅ። ጢሱ የሙሽራ ወግ ስለሆነ እናቴም አልጠረጠረችም። «ሲያቃጥልሽ እየዳንሽ ነው» አለችኝ ዘነበች። እኔም በርበሬ በነካ እጄ ያንን ሎሚ ስጨምቅ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ቆዳዬ ተላጠ። የእሷ ምላስ ግን ምንም አልሆነም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ለተፈራ አክስት ነገረች።

አክስትዬዋ መጥታ እናቴን፣ «ነገሩ እስኪጣራ ሰርጉ ይቆይ» አለቻት፤ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እጄን ያዘችና ወደ ቤቴል ክሊኒክ ወሰደችኝ። መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። መሃል ላይ ከአንዲት ሻጭ የተጠበሰ በቆሎ እሸት ገዝታ ሰጠችኝ። ስታምነኝ እንዲያ ነበረች፣ አታወራም፣ ታበላለች።

ነርሷ ቀለል አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ፈሳሹ ምን ይመስላል?»

«አይብ።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ሰሞኑን የወሰድሽው መድኃኒት አለ?»

ስለ ካፕሱሉ ነገርኳት። አየችኝ፣ ናሙናም ወስዳ አስመረመረች። ከዚያ እናቴን ጠርታ፣ «ፈንገስ ነው» አለቻት። «ልጅሽ ያጠፋችው የለም። ባል ያላትንም፣ ወንድ የማታውቀዋንም ይይዛል። ካፕሱሉ ጉሮሮዋን ሲያድን፣ ታች ፈንገሱን የሚከላከሉትን ደጋግ ተሕዋስያን ገደላቸው። ግን ይሄን ሎሚና ሳሙና ማን አዘዘላት? ድስት መሰለቻችሁ?»

«ያዘዘችውማ ድስቷንም አታጥብም» አለች እናቴ።

ወደ ውስጥ የሚገባ ኪኒንና ቅባት ሰጡኝ፤ ሳይቆይ ዳንኩ። እናቴ አክስትዬዋ ቤት ሄዳ የነርሷን ቃል ሳታስቀር ነገረቻት። በማግስቱ ተፈራ ብርቱካን ይዞ መጣ።

«ተጣርቷል አሉ። ሰርጉ በቀኑ ይሁን» አለኝ፣ ጨርቅ ለክቶ እንደጨረሰ ሰው።

«ስሜ ሲነሳ አንተ ምን አልክ?»

«እኔማ ምን እላለሁ፣ ዝም አልኩ።»

ብርቱካኑን መለስኩለት። ዝምታውንም አብሮ ወሰደ። ለወሬ ብሎ እጮኛውን የሚተው ወንድ፣ ልጅ ሲታመምማ አገር ለቆ ይሄዳል። ዘነበች ነገሩን ስትሰማ፣ «ጠግባ ነው» አለች። በዕድሜዋ አንዴ ምርመራዋ ልክ ሆነ።

ይሄን በታክሲው ውስጥ በሹክሹክታ ለልጅቷ አወራኋት። «ካሳከከ፣ ካቃጠለ፣ ፈሳሹ ሽታ የሌለው አይብ ከመሰለ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው» አልኳት። «ከሸተተ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። የሚለየው ግን የሚመረምርሽ ሰው እንጂ እኔም አይደለሁ፣ ያቺ ልስንም አይደለች።»

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መስኮቱን እያየች፣ «እማማ፣ ክሊኒኩ ጋ ሲደርስ ይነግሩኛል?» አለችኝ።

ደረስንና «ወራጅ አለ» አልኩ። የእኔ ፌርማታ ገና ነበር። እጇን ያዝኩና አብሬያት ወረድኩ። ያቺ ሴት ቦርሳው ውስጥ ሆና አሁንም ሳሙናዋን ትሸጣለች።