የእህቴ ልብ ቀዳዳ

ያ ጭስ አሁን ድረስ ያቅለሸልሸኛል። በርበሬ፣ የጎማ ቁራጭ፣ የፍየል ቀንድ፣ ሁሉም አንድ ላይ ፍም ላይ ተጨምሮ! የባሏ ቤተሰቦች እህቴ ላይ ጋቢ ደርበው ከሥር ያጨሱባታል። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ከመርሳ ግራና ወደሚባል አገር የተዳረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዳገት ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የመርሳው ሸህ እንኳ «ሐኪም ይያት» ብለው ነበር። የባሏ ቤተሰቦች ግን «ጅን ነው» አሉ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ደርሼ ጋቢውን ገፈፍኩት።

«ኧረ አንቱ፣ ታፍና ልትሞት ነው!» አልኳቸው አማቷን።

«ሊወጣ ሲል ነው የሚያስላት። ዝም በል» አሉኝ። ወይ ጉድ!

ወልድያ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ሲያንሸራትትበት ልቧ ስክሪኑ ላይ ታየ። በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ እያሳየኝ «ቀዳዳ አለው፤ አብሯት የተወለደ ነው» አለኝ። ብዙ ሰው ቀዳዳው እንዳለበት ሳያውቅ ያድጋል አለኝ። አዲስ አበባ ሄዳ ካላስደፈነችው ግን ልቧ እየደከመ ይሄዳል። ባሏ «በዓይኔ ሳላይ ሚስቴን ለቢላ አልሰጥም» አለ። እሺ፣ ና እይ ብዬ ቀጠርኩት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገድ ተዘጋ። ሰው ነፍሱን ለማትረፍ ሲራወጥ እነሱ ማጨሳቸውን አልተዉም። መንገዱ ሲከፈት ወልድያ ገሰገስኩ፤ ክሊኒኩ ኦና ሆኗል። ታጣቂ የጀመረውን ዘረፋ የሰፈሩ ሰው ጨርሶታል። አንዱማ ስክሪኑን ቴሌቪዥን መስሎት ገንጥሎ ወስዶ፣ አልሠራ ሲለው ደጅ ጥሎታል። ቱ! እንዲህም ያለ ሰው አለ?

በኋላ ደሴ መሣሪያው አለ ሲባል ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። እህቴ መኪናው ውርጌሳ ከደረሰ ጀምሮ ትከሻዬን ተደግፋ ታቃስታለች፤ ባሏ ፊት ወንበር ላይ ጫቱን ይቅማል።

የደሴዋ ሐኪም ስክሪኑን ለባሏ አዞረችለት። ደሙ በማይገባው በኩል ሲሾልክ በቀለም ይታያል። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። አልሐምዱሊላህ፣ ገባው አልኩ።

«ለካ ጅኑ የገባው በዚህች ነው!» አለ ቀና ብሎ። «ሳናስወጣው ከደፈናችሁት እዚያው ሊቀር ነው። መጀመሪያ ግራና ወስጄ ላስወጣላት።»

እኔ አንገቱን ልይዝ ስነሳ እህቴ ቀደመችኝ። ደረቷ ላይ የቀረውን ቅባት በሻሿ ጠረገች። ከተዳረች ጀምሮ ዓይኑን እያየች ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም።

«ፍታኝ» አለችው። «ፍታኝና አንተ ግራና ግባ። እኔ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»