ከምንጩ አሥራ አራት እርምጃ

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2014 ዶን ናዛሪዮ ካኑል ሲያርፉ፣ ውኃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ደን መሃል የዘረጉት የጣውላ መንገድ ምንጩ ጋ ለመድረስ አሥራ አራት እርምጃ ቀርቶት ነበር።

ቀድሞ በመንደራቸው በሳንታ ኢነስ ጎብኚውን እጁን ይዘው በጭቃው ወደ ምንጩ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። እግር የረገጠው ቡቃያ ሲሰበር፣ ከዓመት በኋላም ሳይተካ ሲቀር አዩ። እንግዳ ማስገባቱን ተዉና የመንደሩን ማኅበር ለደቦ ጠሩ። ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ቋሚ ተከሉ። አንድ ሥር አልቆረጡም፤ ሥር ሲገጥማቸው መንገዱን ያጎብጡት ነበር። መንደርተኛው የሰካራም መንገድ እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ማኅበሩ መንገዱን ለሕማማት ሳምንት ሊከፍት ለጎብኚዎች ቃል ገባ። ሊቀ መንበሩ ዊልቤርቶ ቸኩሎ የመጨረሻዎቹን ቋሚዎች በማርች መጀመሪያ፣ ጨረቃ ገና ስትወለድ አስቆረጠ። በዚያ አገር እንጨት የሚቆረጠው ጨረቃ ሞልታ መጉደል ስትጀምር ነው፤ ያለዚያ ይነቅዛል ይባላል። ዶን ናዛሪዮ ግንዶቹን አዩና አልተክልም አሉ።

«ዶን ናዛሪዮ፣ ቱሪስት እኮ ጨረቃ አይቆጥርም» አለ ዊልቤርቶ።

«ነቀዝ ይቆጥራል» አሉት።

ማኅበሩ ተሰብስቦ ተከራከረ። ግማሹ ሽማግሌው ጃጅተዋል አለ፤ ሌላው እንግዳው ወደ ጎረቤት መንደር እንዳይሄድ ሰጋ። እሳቸው አንዱን ግንድ አንስተው በገጀራ ላጡት። ከቅርፊቱ ሥር የደቀቀ ብናኝ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ለጎብኚዎች ምግብ የምታበስለው ዶኛ ኤውሎሂያ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«እኔ በዚህ ወገቤ ፈረንሳዊ ከጭቃ አልጎትትም» አለች።

ሳቁ ሲበርድ መንገዱ ባለበት ጫፉ ላይ ገመድ ታስሮ እንዲከፈት፣ ቀሪው በደህና እንጨት እንዲያልቅ ተስማሙ። ዊልቤርቶ እንዳኮረፈ፣ እንጨቱን ታዲያ ማን ሄዶ ይመርጣል ሲል ጠየቀ። ዶን ናዛሪዮ እኔው አሉት።

ጨረቃ ማርች 16 ቀን ሞላች። በ18 ጠዋት ዶን ናዛሪዮ በአውቶቡስ ጫካ ወዳለበት ወደ ቹንካን ሄዱ፤ ከእንጨት ቆራጩ ጋር ጫካ ገብተው ሃያ ስምንት ዛፍ በጡጫ እያንኳኩ መረጡ፤ በየግንዱም ምልክት አደረጉ። ቀትር ላይ ባቄላ ያለበት ታማል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ በሉ። ቆራጩ እስከ ቅዳሜ፣ እስከ 22 አደርሳለሁ ሲላቸው፣ ቅርፊታቸውን እንዳይልጥ አስጠንቅቀውት በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሱ።